ሰኞ ይነሳ

“ዛሬም አልመጣም? እሺ የኔ እህት፣ ችግር የለውም፤ ከምሳ በፊት መልሼ እደውልልሻለሁ።”

የስልከኛዋ ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ለቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ይህን ሲል ፖስተኛው ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ነበር። የሚያየው አንዲት አረንጓዴ መስመር ነው። መስመሯ የሰርቨሩ ፕሮሰሰር ምን ያህል እንደተጨናነቀ ታሳያለች፤ ከሦስት ሳምንት በፊት መቶ ከመቶ ላይ ወጥታ አልወርድም ብላ ነበር፣ አሁን አሥራ ስምንት ላይ ዘና ብላ ተኝታለች። እሷን ሳያይ ቀኑ አይነጋለትም።

ፖስተኛው ፖስታ ተሸክሞ አያውቅም። የሆስፒታሉ ኢሜይል በሙሉ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ማሽን የሚጠብቅ ባለሙያ ነው። ፖስተኛው ያሉት ነርሶቹ ናቸው፤ እናቱ ያወጣችለት ስም አሁን የደመወዝ መክፈያው ላይ ካልሆነ የትም አይገኝም። ቢሮው ከደረጃው ሥር ነው። አንድ የነበረውን ክፍል በቀጭን ጣውላ ለሁለት ከፍለው፣ ወዲህ እሱንና ሰርቨሩን፣ ወዲያ ስልከኛዋንና የስልክ ሰሌዳዋን አስቀምጠዋል። ጣውላው ላይ ለኬብል ተብሎ የተበሳ ቀዳዳ አለ። ኬብሉ ቀጭን፣ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ሁለቱ ጎረቤታሞች ብስኩት፣ የራስ ምታት ክኒንና ሐሜት ሲቀባበሉበት ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል።

ሐሜት ይባል እንጂ ስልከኛዋ ወሰኗን ታውቃለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መስመር ስታገናኝ አንድም ቀን ጆሮዋን ጣል አድርጋ የሰው ንግግር ሰምታ አታውቅም። ደዋይና ተደዋይ እንደተገናኙ ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ያቺ ቋ የምትል ድምፅ በጣውላው አልፋ ስትመጣ ፖስተኛው ከሰዓት ይልቅ ለምዷታል። “ደመወዝ የሚከፈለኝ ላገናኝ ነው፣ ልሰማ አይደለም” ትላለች። እሱም በበኩሉ በማሽኑ የሚያልፈውን ደብዳቤ ከፍቶ አያነብም። ላኪውን፣ ተቀባዩንና ርእሱን ያያል፣ በቃ። ሁለቱም በዚህ ይኮራሉ፤ የተዋደዱትም በዚሁ ነው።

ማንበብማ የማሽኑ ሥራ ነው፤ የጣጣው ሁሉ መነሻም ይኸው ነው። ማጣሪያው የሚመጣውን ደብዳቤ አንድ በአንድ ከፍቶ፣ አባሪውን ፈትቶ፣ ቃል በቃል መርምሮ፣ ይሄ ሎተሪ ደርሶሃል የሚል ነው፣ ይሄ የውሸት የባንክ መልእክት ነው እያለ ነጥብ ይሰጣል። የጠረጠረውን ለይቶ ማቆያ ያስገባል፣ ንጹሑን ያሳልፋል። ከሁለት ወር ወዲህ ግን አይፈለጌው መልእክት እንደ ጉድ ይዘንብ ጀመር። ለአንድ ደህና ደብዳቤ ሃያ የማይረባ ይመጣል፣ ሃያውም ሳይነበብ አያልፍም። ፕሮሰሰሩ መቶ ከመቶ ገባ፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮህ ጀመር፤ ጠዋት የተላከ ደብዳቤ ማታ ሆነ የሚደርሰው። ፖስተኛው አዲስ ማሽን ይገዛ ብሎ ሦስት ጊዜ ጻፈ፣ ሦስት ጊዜም በሚቀጥለው ዓመት ይታያል ተባለ። ኢሜይል የዘገየበት ሰው ደግሞ ስልክ ያነሳል። ስልኩን የምትመልሰው ስልከኛዋ ናት።

“አንተ ፖስተኛ፣ ጆሮዬ አለቀ እኮ” አለችው አንድ ዓርብ፣ አፏን ወደ ቀዳዳው አስጠግታ። “የምታደርገውን አድርግና ገላግለኝ።”

ገላገላት። በዚያው ዓርብ፣ ሰዉ ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ፣ እሱ ቁጭ ብሎ አንድ ትእዛዝ ጻፈ። ትልቅ አባሪ የያዘና ስሙን በወጉ ካላስመዘገበ ማሽን የተላከ ደብዳቤ ሳይከፈት፣ ሳይነበብ፣ በር ላይ ይጣል። ለይቶ ማቆያም አይግባ፣ እሱም ቦታ ይፈጃል። “ደብዳቤህ አልደረሰም” የሚለው መልስም ለላኪው አይሂድ፣ መልስ መጻፉም ፕሮሰሰሩን ያደክማል። ይሄኛውን ሲጽፍ ትንሽ ቅር አለው። ደብዳቤ ሲጣል ላኪው ማወቅ እንዳለበት ከተማረው ነገር ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ከትእዛዙ ጎን ለራሱ ማስታወሻ አኖረ፦ “ጊዜያዊ። ሰኞ ይነሳ።” የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልጻፈም።

ሰኞ ሲገባ አረንጓዴዋ መስመር ሃያ ላይ ነበረች። ስልኩም ጭጭ አለ። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጇ ከመቀመጫው አስነሥተው አስጨበጨቡለት፣ የምስጋና ወረቀትም ሰጡት። ሚስቱ ወረቀቱን በመስታወት አስገጥማ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለችው። ስልከኛዋ በገዛ እጇ የሠራችውን ሹራብ ጠቅልላ በቀዳዳው አሾለከችለት፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል፣ ቢሆንም ዛሬም ከኮቱ ሥር ለብሶታል። እንዲህ ባለ ሰኞ ትእዛዝ የሚያነሳ ማን አለ? የሚቀጥለውም ሰኞ አለፈ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም።

“አንድ ሳምንት ነው ብለውኝ ነበር” አለች አሁን ስልከኛዋ፣ የነርሷን ስልክ ዘግታ፣ ለእሱም ለራሷም። “ዛሬ አሥራ ስድስት ቀኑ።”

ነገሩን ያውቀዋል። ባሏ አናጢ ነው። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ይደውልላታል፣ ምን በላሽ ምን በላህ ይባባላሉ። አንገቱ ላይ እብጠት ወጥቶ ድምፁ እየጎረነነ ስለመጣ ናሙና ተወስዶ ሌላ ከተማ ወዳለ ትልቅ ላብራቶሪ ተልኮለታል፤ ውጤቱ የሚመጣው በኢሜይል ነው። ከሩቅ የመጣ ቀዶ ሐኪም በዚህ ሳምንት ሆስፒታሉ ውስጥ አለ። የሚሠራላቸውን ሰዎች ዝርዝር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ውጤቱ ያልደረሰለት ሰው አይገባም። ሐኪሙ ተመልሶ የሚመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው።

“ቆይ እኔ ልይልሽ፣ እታለም” አላት ፖስተኛው። “ማጣሪያው ጠርጥሮት ለይቶ ማቆያ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ያጋጥማል።”

“ተባረክ። ያ የላብራቶሪው ጸሐፊ ልኬያለሁ ብሎ ድርቅ ይላል። ሲዋሽ ትንሽ አያፍርም። ስሙን ትናንት ለሥራ አስኪያጇ ሰጥቻለሁ፣ ዛሬ ለአለቃው አቤቱታ ይጽፉበታል።”

ውለታ ሊውልላት ነበር የተነሳው፤ በኋላ ያንገበገበው ይሄ ነው። ለይቶ ማቆያውን ከላይ እስከ ታች አገላበጠው፣ የለም። ከዚያ በር ላይ የደረሰው ደብዳቤ ሁሉ የሚጻፍበትን መዝገብ ከፈተና የላብራቶሪውን ስም አስገብቶ ፈልግ አለው። አሥራ አንድ ውጤት፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ የተላከ። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ያው አንድ ቃል ተጽፏል፦ ተጥሏል። ከቃሉ ጎን ምክንያቱ አለ፤ ምክንያቱ የእሱ ትእዛዝ ነው።

ፖስተኛው ክው አለ። ላብራቶሪው በቅርቡ ማሽን ቀይሮ የአዲሱን ስም ገና በወጉ አላስመዘገበም፤ ውጤቱ ደግሞ ሥዕል ያለበት ትልቅ አባሪ ነው። ትእዛዙ ለላብራቶሪው ተለክቶ የተሰፋ ይመስል ልክ ገባለት። የአሥራ አንድ ሰው ሥጋ ተቆርሶ፣ ተመርምሮ፣ ተጽፎ፣ ደጁ ድረስ መጥቶ ነበር። ርእሱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም ስለሌለ የአናጢው የትኛው እንደሆነ እንኳ ሊያውቅ አልቻለም።

ሰበብ መጀመሪያ ነው የሚደርሰው። ስማቸውን ያላስመዘገቡት እነሱ ናቸው፣ አለ በልቡ። አዲስ ማሽን የከለከሉኝ የበላዮቼ ናቸው። ሦስተኛው ሰበብ ሲመጣ ግን ራሱን ታዘበው፦ ገላግለኝ ያለችኝ እሷ አይደለችም እንዴ? የሹራቡን አንገት ሳብ አድርጎ አላላው።

“አገኘህ እንዴ?” አለች ከማዶ።

“እያየሁ ነው።”

ሞባይሉን ይዞ አንሶላ ወደሚሰጣበት ጓሮ ወጣ። በስምንት ዓመት ውስጥ የሥራ ስልክ በእሷ በኩል ሳይሆን ሲደውል ይህ የመጀመሪያው ነው። እርጥብ አንሶላ መሐል ቆሞ የላብራቶሪውን ጸሐፊ አስጠራ። ያነሳው ሰው በድምፁ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር።

“ልኬያለሁ፣ ልጄ” አለ ጸሐፊው፣ ይህንኑ ደጋግሞ በሰለቸው ድምፅ። “አንዴ ልኬ፣ አልደረሰም ስባል ደግሜ ላክሁ። ባይደርስማ ማሽኑ ይመልስብኝ ነበር። አልመለሰም። ያልተመለሰ ደብዳቤ ደርሷል ማለት ነው ብዬ አረፍሁ።”

“ትክክል ነዎት” አለ ፖስተኛው።

“ትክክል መሆኔ ምን ጠቀመኝ? ትናንት አንዲት ሴት ደውላ እያለቀሰች ውሸታም አለችኝ። አልፈረድኩባትም፣ ለባሏ ነው። አለቃዬ ግን ሰምቶ፣ ከሆስፒታሉ በጽሑፍ አቤቱታ ከመጣ ከዚህ ወንበር እንደሚያነሳኝ ነገረኝ። ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር ነው የቀረኝ።”

ፖስተኛው እኔ ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው፤ ሁሉንም ዛሬውኑ እንደገና እንዲልክለት ለመነው። ጸሐፊው ችግሩ ምን እንደነበር ሲጠይቀው የሲስተም ችግር ነው አለ። ሲስተም የሚሉት ነገር አፍ ስለሌለው የስንቱን ኃጢአት ተሸክሞ እንደሚኖር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰውዬውም አመስግኖት ስልኩን ዘጋ። ምስጋናው ከስድብ የባሰ ሆነበት።

ተመልሶ ትእዛዙን አነሳ፤ ማስታወሻውንም አብሮ አጠፋው። ቀኑ ሐሙስ ነበር። በሁለት ደቂቃ ውስጥ አረንጓዴዋ መስመር ቀጥ ብላ ወጣች፤ አርባ፣ ሰባ፣ ዘጠና ስምንት። ማራገቢያው ጩኸቱን ለቀቀው። ሦስት ሳምንት በር ላይ ሲጣል የነበረው ዓይነት ኮተት ሁሉ አሁን ሊነበብ ተሰለፈ፣ ከሆስፒታሉ የሚወጣውም ደብዳቤ ከሰልፉ ኋላ ቆመ። ወዲያ ማዶ ስልኩ መንጫረር ጀመረ። ስልከኛዋ ለአንዱ ትንሽ ታገሡ፣ ለሌላው ባለሙያው እየሠራበት ነው ትላለች፤ ለእሱ ጠበቃ ቆማ ከሰው ጋር ትከራከራለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ባሏ ደወለ። ባሏ መሆኑን ፖስተኛው በድምፅዋ ያውቃል፣ ዝግ ትላለች።

“አይዞህ፣ አታስብ” አለችው። “ፖስተኛው እየፈለገልን ነው። እሱ ከያዘው ይገኛል።”

ፖስተኛው ምሳ ዕቃውን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ሚስቱ የምስጋናውን ወረቀት ለእንግዳ ሁሉ እንደምታሳይ ትዝ አለውና ፊቱ ጋለ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ጸሐፊው እንደገና የላካቸው ውጤቶች በሩ ላይ ደረሱ፤ ከፊታቸው ግን አራት መቶ ምናምን ደብዳቤ አለ። በዚህ አካሄድ ለዘጠኝ ሰዓት አይደርሱም። ፖስተኛው ሰልፉን አቁሞ አሥራ አንዱን በእጁ አንድ በአንድ እየለቀመ ወደ ፊት አመጣቸው። በጥድፊያው የአንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ስምንት ከሩብ ላይ አሥራ አንዱም ወደ ሐኪሞቹ ሳጥን ገቡ። አሥረኛው ከገባ ጀምሮ መተንፈስ እንዳቆመ የገባው አሥራ አንደኛው ሲገባ ነው።

ሃያ ደቂቃ ያህል አለፈ። ከማዶ ስልክ ጠራ፣ ስልከኛዋ አነሳች፣ ሰማች። “እሺ ዶክተር” አለች። “ድምፁስ ይመለሳል?” አለች ቀጥላ። መልሱ ወደ ፖስተኛው አልመጣም። ማዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

“ገባ፣ ወንድሜ” አለችው በቀዳዳው። “ዝርዝሩ ውስጥ ገባልኝ። ቅዳሜ ይሠራለታል።”

“ተመስገን።”

“ተመስገን ነው። ግን…” አፍንጫዋን ጠረገች። “ባለፈው ሳምንት ሲላክ ደርሶኝ ቢሆን ትንሽ ቆርጬ እጨርሰው ነበር አለኝ። አሁን ተነካክቷል፣ ድምፁ ስለ መመለሱ ቃል አልገባልሽም አለ። እስቲ በየት አገር ነው ደብዳቤ ይዞ ዝም የሚባለው? ያ ጸሐፊ ልጅ የለውም? ሚስት የለውም? አንተ ባትኖር እኮ ይሄኔ አልቆልኝ ነበር። እጅህ ይባረክ።”

እጁን አየው። ኪቦርዱ ላይ ተዘርግቷል፣ የሹራቡ ረጅም እጅጌ ጣቶቹ ላይ ወርዶ። ቅዳሜ አናጢው ሲሠራለት፣ ከዚያም በኋላ ምሳ ሰዓት ስልኩ ሲጠራና ድምፁ ሲመጣ ወይም ሳይመጣ፣ እሱ በዚህ ጣውላ ጀርባ ቁጭ ብሎ ብስኩቷን እየበላ ሊሰማ ነው።

ስክሪኑ ላይ የወጪ ደብዳቤዎች ሰልፍ ተደርድሯል። ሰማንያ ሦስተኛው ላይ ዐይኑ ቆመ። ላኪ፣ የሥራ አስኪያጇ ቢሮ። ተቀባይ፣ የላብራቶሪው ዋና ኃላፊ። ርእስ፣ ስለ ጸሐፊው ከባድ ቸልተኝነት የቀረበ አቤቱታ። ውስጡን አልከፈተም፤ መክፈትም አያስፈልገውም። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ሰማንያ አንደኛ ሆነ፣ ከዚያ ሰባ ስምንተኛ። በአንድ ጣት ሊያስቀረው ይችላል። አንድ ደብዳቤ መጣል ምን ይከብደዋል፣ እጁ ለምዷል። ማንም አያውቅም፣ ትእዛዙም ማስታወሻውም ጠፍተዋል፣ መዝገቡም ወር ሲሞላው ራሱን ያጠፋል። ጸሐፊውም ወንበሩ ላይ ይቆያል። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ሰው እየረገመች፣ እሱን እየመረቀች ትኖራለች።

ደብዳቤውን አልጣለውም። ባለበት አቆመውና የጠረጴዛውን ስልክ አነሳ። ከማዶ ማዳመጫው ሲነሳ ተሰማው።

“እታለም።”

“ወዬ።”

“ሥራ አስኪያጇን አገናኚኝ።”

“ምነው፣ ደረጃው ከበደህ?” አለች። ከለቅሶዋ ውስጥ ትንሽ ሳቅ ወጣ። “አሥራ አራት እርከን እኮ ነው።”

“ከበደኝ። አገናኚኝና ማዳመጫሽን አታውልቂው።”

“የሰው ንግግር እንደማልሰማ ታውቃለህ” አለች። ሳቁ ከድምፅዋ ጠፍቷል።

“አውቃለሁ። ያንቺም ጉዳይ ስለሆነ ነው። ፊት ለፊት ልነግርሽ ፈልጌ አቃተኝ።”

አገናኘችው። መስመሩ ጠራ፣ ሥራ አስኪያጇም አቤት አሉ። ፖስተኛው ያቺን ጠረጴዛ ላይ የምታርፍ ድምፅ ጠበቀ። አልመጣችም። የማራገቢያው ጩኸት ክፍሉን ሞልቶታል፤ መስመሩ ውስጥ ግን የሁለት ሴቶች ትንፋሽ አለ፣ አንደኛው ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው።

“የላብራቶሪው ጸሐፊ አልዋሸም” አለ። “ሁለቴ ልኳል። የጣልኩት እኔ ነኝ።”